አንሶላ ላይ የተሰለፉ ሞተሮች

«ወራጅ አለ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር።

«ወራጅ የለም!» ብሎ ጮኸ ሻምበሉ። ኮፍያውን በአንድ እጁ ጨብጦ በአውቶቡሱ በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አቧራው ጥርሱ ድረስ ገብቷል። «እትዬ፣ በፈጠረሽ ንጂው! ሰው እየሞተ ነው!»

«ወራጅማ አለ። ሴትዮዋ ከፍላለች» አለች ታላቅ እህቱ ከመሪው ኋላ፤ ፍሬኑንም ረገጠችው። አውቶቡሱ አቃስቶ ቆመ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ዘንቢሏን፣ ቀጥላ ዣንጥላዋን፣ በመጨረሻም ለሁለት ሰው የሚከብድ የስፌት መኪና ማውረድ ጀመረች። ትኬት ቆራጩ የስፌት መኪናውን በአንድ ጎን ያዘላትና «ቀስ ይበሉ እማማ፤ ጦርነቱ ጥሎን አይሄድም» አላት። ተሳፋሪው ሳቀ። ሻምበሉ ግን ከንፈሩን ነከሰ። በጦሩ ጋራዥ ያሉት መካኒኮች «ክብሪት» የሚሉት ያለ ነገር አልነበረም፤ ለመንደድ የሚያስፈልገው አንድ ጭረት ብቻ ነው።

ይህ ጠዋት ደግሞ ጭረት በጭረት ነበር። በተራራው አናት ያለው ምሽግ ሊለቀቅ ተወስኗል። ጠላት በሁለት ጎን ተጠግቷል፤ በላይኛው አገር ዝናቡ አላባራ ብሎ ወንዙ ከእንጨት ድልድዩ ጉልበት ደርሷል። ድልድዩ ከመወሰዱ በፊት ካሚዮኖች ወጥተው ቁስለኛውንና ጤነኛውን ማውረድ አለባቸው። በዚያ ምሽግ ውስጥ ሬዲዮውን የያዘው የሁለቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አፉ ከፉጨት ስለማይቦዝን ቤተሰቡ «ፉጨት» እያለ የሚጠራው ልጅ። ትናንት የላከው መልእክት አጭር ነበር፦ ቁስለኛ ብዙ፣ ባትሪ እያለቀ፣ መኪና ቶሎ። ከዚያ በኋላ ዝም ብሏል።

ሻምበሉ ጎህ ሲቀድ እህቱ ጋራዥ ደርሶ የለመናት ለዚህ ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱን ባሏ ሲሞት ትቶላት ነው። ሾፌሮቿን ጦሩ ሲወስድባት ራሷ መሪ ጨበጠች። ትርፍ ባትሪና የሞተር ቺንጋ ሰጠችው። «ባትሪው ግን ውሰት ነው» ብላ ጣቷን አፍንጫው ሥር አወዛወዘች። «ለጦር የሰጠሁት ነገር ተመልሶ አያውቅም።» አውቶቡሷንም ጠየቃት። «ፉጨት እዚያ ነው» ሲላት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከመሪው ኋላ ተቀመጠችና «እኔው እነዳዋለሁ» አለች። ብቻ የጠዋት ተሳፋሪዎቿን አላስወርድም አለች። ከፍለዋላ!

አሁን አውቶቡሱ እንደገና ተንቀሳቀሰ። እህቱ ማርሽ እየቀየረች «ለመሆኑ የእናንተ ካሚዮኖች ምን ሆነው ነው የእኔን አሮጊት የምትለምነኝ?» አለችው።

«ተፈተው።»

«ሁሉም? ምን ታመው?»

«ምንም አልታመሙም። ጄኔራሉ ሊጎበኛቸው ነው።»

እህቱ ከመንገዱ ዓይኗን ነቅላ አየችው። ነገሩ እንዲህ ነው። የጦሩ ካሚዮንና የእርሷ አውቶቡስ የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ ሞተራቸው አንድ፣ ፒስተናቸው አንድ፣ ቺንጋቸው እንኳ አንድ ነው። የሚለያቸው ቀለማቸውና የሚጠግናቸው ሰው ነው። የእርሷ አውቶቡስ ክረምትና በጋ ተፈራርቆበት ሆዱ ተከፍቶ አያውቅም። የጦሩ ካሚዮን ግን ጉብኝት በመጣ ቁጥር ይዘረገፋል። ኮሎኔሉ የፈረሰኛ ጦር ልጅ ነው፤ ያደገው ኮርቻና ልጓም ተወልውሎ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ፣ አለቃ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያልፍበት እያየ ነው። ፈረሱ ሲቀር ልማዱ አልቀረም። እናም ሞተር ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይወለወላል፣ በነጭ አንሶላ ላይ ይሰለፋል። ትንሹ ከፊት፣ ትልቁ ከኋላ፣ እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ።

«በመጠን?» አለች እህቱ።

«በመጠን።»

«የቢዬላ ክዳኖቹንም?» አለች፤ የፒስተኑን ክንድ ከሥሩ አቅፈው የሚይዙትን።

«እነሱንማ አብልጠው! ስለሚያብለጨልጩ መሐል ላይ ነው የሚቀመጡት። የሁሉም ካሚዮን ክዳን ተቀላቅሎ፣ አንድ ላይ።»

እህቱ ፍሬኑን ያለ ወራጅ ረገጠችው። ተሳፋሪው በሙሉ ወደ ፊት ተደፋ። «እብዶች ናችሁ እንዴ? ክዳኑ ከገዛ ቢዬላው ጋር እኮ አብሮ ተሞርዶ፣ አብሮ ግሎ፣ አብሮ አርጅቶ ነው! የባልና ሚስት ያህል ነው! የአንዱን ሚስት ለሌላው ስትሰጥ ቤቱ ይቃጠላል!»

«ይቃጠላል እንጂ። በየወሩ ይቃጠላል። ከዚያ አዲስ ሞተር በመርከብ እናስመጣለን። ከዚያ የጥገናው ወጪ ከወታደሩ ጫማ ይቀነሳል። ከዚያ ወታደሩ ባዶ እግሩን ይሰለፋል። አንሶላው ግን ነጭ ነው!» ሻምበሉ በሩን በጡጫ መታው። «ጽፌያለሁ፣ እትዬ። ቺንጋውን ከሱቅ እንግዛ፣ ከባሕር ማዶ በሰም ታሽጎ የሚመጣውም ያው ቺንጋ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። የአውቶቡሶቹን አጠባበቅ እንማር ብዬ ጽፌያለሁ። መልሱ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? "ሠራዊት አውቶቡስ አይደለም።"»

«እውነታቸውን ነው» አለች እህቱ ማርሽ እያስገባች። «አውቶቡስ ይደርሳል።»

የመጨረሻውን ተሳፋሪ አውርደው የጦሩ ጋራዥ ግቢ ሲደርሱ ገሚሱ ጥፋት አስቀድሞ ተፈጽሞ ነበር። ካሚዮኖቹ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። የቀኙ ረድፍ ሆዱ ተዘርግፏል፤ ፊቱ ላይ ከወታደራዊው ሆስፒታል የመጡ አንሶላዎች ተነጥፈዋል። አዎ፣ ከሆስፒታሉ! ቁስለኛው በባዶ ፍራሽ ይተኛል፤ ብረት በአንሶላ ይተኛል። በአንሶላዎቹ ላይ ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ክዳኑ ፀሐይ መትቶት ዓይን ይወጋል። የሥራው ኃላፊ አንድ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ከመወልወያ ጨርቁ ስለማይለይ «መስታወት» ይሉታል። ተንበርክኮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የክዳኖቹን ረድፍ በክር እያስተካከለ ነበር። የግራው ረድፍ ገና አልተነካም፤ ሾፌሮቹ ተራቸውን እየጠበቁ ጥላ ሥር ተጋድመዋል።

«መስታወት!» አለ ሻምበሉ። «የግራውን እንዳትነካ!»

«ትእዛዝ ነው፣ ጌታዬ። ከጄኔራሉ በፊት ሁሉም ይሰለፋል።» ሃምሳ አለቃው ቀና አለ፤ ፊቱ በእውነተኛ ኩራት ያበራ ነበር። «እዩት እስቲ፣ ጌታዬ። ከዚህ በፊት እንዲህ ቀጥ ብሎልን ያውቃል?»

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር።

እህቱ የሰጠችውን ቀለም መምጠጫ ወረቀት ይዞ ወደ ግራው ረድፍ ሮጠ። የአውቶቡሶቹ ብልሃት ይህ ነው፤ ከሞተሩ የዘይት መለኪያ አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ይጣላል። ጠብታው ፈዝዞ ከተዘረጋ ሞተሩ ደኅና ነው፤ መሐሉ ጠቁሮ ከረጋ ዘይቱ ይለወጣል፤ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ያን ጊዜ ብቻ ይከፈታል። ከካሚዮን ካሚዮን እየዘለለ ጠብታ ጣለ። ወረቀቱ ላይ ጠብታዎቹ አንድ በአንድ ፈዝዘው ተዘረጉ። ሁሉም ደኅና! የቆሸሹ፣ ጭቃ የለበሱ፣ ደኅና!

«ምን እየሠራህ ነው፣ ሻምበል?»

ኮሎኔሉ ነበር። ጫማው አንሶላው ላይ ያለውን ብረት ያህል ያበራል።

«የግራው ረድፍ ጤነኛ ነው፣ ጌታዬ። መፈታት የለበትም። የቀኙም ክዳኖቹ ተቀላቅለዋል፤ በየቦታቸው ካልተመለሱ ዳገቱ ላይ ይነክሳሉ።»

«በወረቀት ነው ይህን ያወቅኸው?»

«በወረቀት ነው፣ ጌታዬ። የአውቶቡስ ድርጅቶች በሙሉ...»

«አውቶቡስ!» ኮሎኔሉ ወደ በሩ አየ፤ የእህቱ አውቶቡስ ግቢውን ሞልቶ ቆሟል፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይቆርጣል። «ሻምበል፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ? ከጉብኝት በፊት ሞተር ይከፈታል፣ ይጸዳል፣ ይታያል። ደንብ ነው። ያንተ ታናሽ ወንድም ምሽጉ ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ አዝናለሁም። ደንብ ግን ወንድም የለውም።»

ይህን ሲል ድምፁ ለስላሳ ነበር። ሻምበሉን ያነደደውም ልስላሴው ነው። ሰው ሲሰድብህ መልስ አለህ፤ ሰው እያዘነልህ ሲያጠፋህ ምን ትላለህ? ደሙ ወደ አናቱ ወጣ፤ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ከዚያ ከኮሎኔሉ ትከሻ በላይ እህቱን አየ፤ በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብላ፣ የሞተሯን ኮፈን ነክታ እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው አራገበች።

ሻምበሉ አፉን ገጠመ። ዞር ብሎ ጥላ ሥር ላሉት ሾፌሮች «ሞተር አስነሱ!» ብሎ አዘዘ። «ሁላችሁም! ነዳጁን ስጡት!»

ግራው ረድፍ ተንኮሻኩሾ ተነሳ። ጥቁር ጢስ ወደ ነጩ አንሶላ ተንሳፈፈ፤ መስታወት ልጇ ላይ እሳት እንደ ወደቀባት እናት ጮኸ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ኮሎኔሉ።

«የጋለ ሞተር እስኪበርድ አይከፈትም፣ ጌታዬ» አለ ሻምበሉ ተረከዙን አጋጭቶ። «ደንብ ነው።»

ኮሎኔሉ ፊቱ ቀላ። ደንቡን ያወጣው እርሱ ራሱ ነው፤ እጁ የተቃጠለ መካኒክ ከከሰሰው በኋላ። ምን ብሎ ይሽረዋል? በዚያው የጄኔራሉ መኪና ጡሩንባ ከበሩ ተሰማ።

ጄኔራሉ ጎበኘ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአንሶላዎቹ መሐል ተራመደ፤ ፊቱ በክዳኖቹ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ፊት ሆነ። «ንጽሕና የድል ግማሽ ነው» አለ። የግራውን ረድፍ ሲያይ አፍንጫውን ሸፈነ። ሻምበሉ ይህችን ዕድል ካሳለፋት መቼም እንደማያገኛት አውቆ ወደ ፊት ወጣና ከመሐለኛው ረድፍ አንድ ክዳን አነሳ።

«ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ ሃምሳ አለቃውን እንድጠይቅ ይፈቀድልኝ። ሃምሳ አለቃ፣ ይህ ክዳን የየትኛው ካሚዮን ነው?»

መስታወት ክዳኑን ተቀበለ፣ አገላበጠ፣ ዓይኑ በራ። «የሦስተኛው ረድፍ ነው፣ ጌታዬ! ከመካከለኞቹ፣ ከግራ ስድስተኛው!» ብሎ በትክክል ከነበረበት ቦታ መለሰው።

ጄኔራሉ ከልቡ ሳቀ፤ የመስታወትን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አያችሁ? ሠራዊት ማለት ይህ ነው! እያንዳንዱን ብረት በቦታው ያውቀዋል!»

ሻምበሉ እዚያው ቆሞ ቀረ። አንዳንድ ጊዜ እውነት ስትናገር ራስህን በገዛ ዱላህ ትመታለህ። ጄኔራሉ ሲሄድ የቀኙ ረድፍ እንዲገጠም አዘዘ፤ ለኮሎኔሉም የምስጋና ደብዳቤ እንደሚጽፍ ነገረው። ሃምሳ አለቃውና ሰዎቹ ክዳኖቹን ከአንሶላው እንደ መጡላቸው እያነሱ ገጠሙ። አንዱን ከአንዱ የሚለይ ምልክት አልነበረም፤ ቢኖርም ተወልውሎ ጠፍቷል።

ከቀትር በኋላ ተነሡ። የጸዱት ካሚዮኖች ከፊት፣ የቆሸሹት ከኋላ፤ ኮሎኔሉ እንዲህ ነው ያዘዘው፣ ለዓይን ያምራላ። አውቶቡሱ ከሁሉም በኋላ። ሻምበሉ ከእህቱ ጎን ቆሞ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጥ ነበር።

ድልድዩን ተሻገሩ፤ ውኃው የእንጨቱን ሆድ ይልስ ነበር። ዳገቱን ሲጀምሩ መጀመሪያ ከፊት አንድ ኳኳታ ተሰማ፤ በር የሚያንኳኳ እንግዳ ዓይነት፣ ረጋ ያለ። ቀጥሎ ጠነከረ። ቀጥሎም ብረት ብረትን ነከሰ፤ የመጀመሪያው የሚያብረቀርቅ ካሚዮን እንደ ደነበረ በቅሎ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሞተሩን አየና ራሱን ያዘ።

«ገፍታችሁ ወደ ጠርዝ!» አለ ሻምበሉ። «ቀጥል!»

ትንሽ እንደሄዱ ሌላው። ከኩርባው በላይ ደግሞ ሌላው። ሻምበሉ በየካሚዮኑ ፊት ወርዶ እየተሳደበ ያስገፋል፤ ስድቡም ለሾፌሮቹ አልነበረም፤ ሾፌሮቹም ያውቃሉ። አናቱ ሲደርሱ ከቀኙ ረድፍ አንድም አብሯቸው አልነበረም። ጭቃ የለበሱት የግራው ካሚዮኖች ግን እያጉረመረሙ፣ እያቃሰቱ፣ አንዱ ሳይጎድል ወጡ። ከኋላቸውም የእህቱ አሮጊት።

ምሽጉ በር ላይ ፉጨት ቆሞ ነበር። ከስቷል፤ ጺሙ እንደ ሣር ተበታትኗል። እህቱ ከመሪው ወርዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ ገፋ አድርጋ «ሽንት ቤት ሽንት ቤት ትሸታለህ!» አለችው። እርሱም ፉጨቱን አፏጨላት። ሻምበሉ ወደ ኋላ ዞረና ዓይኑን በአቧራ ሰበብ ጠረገ።

ነገሩ ግን ግማሽ ነበር። መኪናዎቹ ግማሽ ስለሆኑ ሰዉም ግማሽ ነው የሚወጣው። ቁስለኛው አስቀድሞ፤ ጤነኛው ነገ ጠዋት በሁለተኛው ምልልስ። ሬዲዮ ያዥ ደግሞ የመጨረሻው ሰው ነው፤ ፉጨት ይቀራል።

«ነገ ድልድዩ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?» አለች እህቱ ቀስ ብላ።

«ድልድዩ ይኖራል» አለ ሻምበሉ። ለድልድዩ ግን አልነገረውም።

ፉጨት የተዋሰውን ባትሪ ከሬዲዮው ጋር አገናኘ። የማሽኑ መብራት ቦግ አለ። መልእክት ይጠብቅ ነበርና እርሳሱን አንስቶ መጻፍ ጀመረ። እየጻፈ ፉጨቱን አቆመ። ሻምበሉ ከትከሻው በላይ አነበበው። ከኮሎኔሉ ነው፦ ካሚዮኖቹ በሾፌር ጥፋት መበላሸታቸው ተሰምቷል፤ የቀሩት ቁስለኛውን እንዳወረዱ ወዲያው ወደ ጋራዥ ገብተው ይከፈቱ፣ ይጸዱ፣ ይታዩ፤ ሁለተኛው ምልልስ ኮሎኔሉ ራሱ ከጎበኛቸው በኋላ ይሆናል። መልእክቱ መድረሱን አረጋግጡ።

ክብሪት እንኳ ሲረጥብ አይነድም። የእነዚህን ካሚዮኖች ሆድ ነገ ይዘረግፉታል፤ ክዳናቸውን አንሶላ ላይ ያሰልፉታል፤ ወንዙ ድልድዩን ይዞ ይሄዳል፤ ፉጨትም ከዚህ ግንብ ጀርባ ይቀራል። ለንጽሕና ሲባል!

«አረጋግጡ ይላል» አለ ፉጨት፣ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተንሳፍፎ። እርሱ ወታደር ነው፤ ትእዛዝ መጥቷል።

እህቱ የሁለቱንም ፊት አየች። አላነበበችም፤ ማንበብም አላስፈለጋትም። ጎንበስ ብላ የባትሪውን ሽቦዎች አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። መብራቱ ጠፋ።

«ባትሪዬ ውሰት ነው ብያለሁ» አለች፤ ባትሪውንም አቅፋ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ካሚዮኖቹ ቁስለኛውን ከድልድዩ ማዶ ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ለሐኪሞች አስረክበው፣ ጋራዡን በሩቁ አልፈው ተመለሱ። ሻምበሉ በየቆሙበት ጠብታ እየጣለ ወረቀቱን ለፀሐይ ያነሳል፤ ጠብታው ፈዝዞ ሲዘረጋ ትንፋሹን ይለቃል። የመጨረሻው ወታደር ሲጫን ፉጨት ሬዲዮውን ተሸክሞ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ውኃው ጎማውን ነክቶ ነበር፤ እንጨቱ ከሥራቸው ሲያቃስት ማንም አልተነፈሰም። ከተሻገሩ በኋላ ነው ትኬት ቆራጩ «እፎይ» ያለው፣ ለሁሉም።

ከኩርባው ሲወጡ አንድ ጥቁር የኃላፊ መኪና መንገዱ ዳር ቆማ አገኙ። እንደ መስታወት ታበራለች። የሞተር ኮፈኗ ተከፍቶ ጢስ ይወጣታል። እርሷም ለጉብኝቱ ተፈትታ ነበርና። ኮሎኔሉ ከጎኗ ቆሞ እጁን አነሳ፤ እህቱም ፍሬን ረገጠች።

ኮሎኔሉ ሻምበሉን አየ፤ ካሚዮኖቹን አየ፤ በመስኮቱ የታጨቁትን ወታደሮች አየ። «ትእዛዜ አልደረሳችሁም?»

ሻምበሉ መልስ ሊሰጥ ሲል ታናሹ ቀደመው። ሬዲዮውን እንዳቀፈ ቀጥ ብሎ ተነሣ፤ ጣሪያውም አናቱን መታው።

«አልደረሰም፣ ጌታዬ። መድረሱ ያልተረጋገጠ መልእክት እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ደንብ ነው።»

ኮሎኔሉ ወደ መኪናው ዞረ። ጢሱ ገና ይወጣል። ለረጅም ጊዜ ያንን የሚያበራ ብረት አየ፤ ከዚያ ጭቃ የያዘውን የአውቶቡሱን ደረጃ ረገጠ።

ትኬት ቆራጩ በሩን ከኋላው ዘጋ። «ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ፣ ጌታዬ» አለው። «ሰው በዝቷል።»